መድኃኒት ከደም ሥር ሲያመልጥ

የታመመ ዘመድ ወይም ወዳጅ ለመጠየቅ ወደ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ሳያየው የማይመለስ አንድ ነገር አለ። ይኸውም በአልጋው ራስጌ በቆመው ብረት ላይ የተንጠለጠለው ከረጢትና ከከረጢቱ ወርዶ በበሽተኛው ክንድ ላይ የሚያልቀው ቀጭን ቱቦ ነው። ብዙው ሰው «ግሉኮስ» ይለዋል፤ በውስጡ ያለው ግን ሁልጊዜ ግሉኮስ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ጨው የተጨመረበት ንጹሕ ውሃ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የሳምባ ምችን የሚያድን መድኃኒት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም የካንሰርን በሽታ የሚዋጋ ብርቱ መድኃኒት ነው። ጠያቂው ጠብታው አለመቋረጡን ካየ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብሎ፤ ልቡን አሳርፎ ይሄዳል። ጠብታው መውረዱን እንጂ ወርዶ የት እንደሚደርስ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እኛም አንዲት የምናውቃቸውን አሮጊት ለመጠየቅ በአዲስ አበባ ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄደን ነበር። እንደ ገባን ለሰላምታ የዘረጉልን ግራ እጃቸውን ነው። ቀኝ እጃቸው በጋቢ ተሸፍኖ ስላየን «እጅዎን ምን ሆኑ?» ብለን ብንጠይቃቸው፤ «ምንም አልሆንኩ ልጆቼ፤ መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አሉን። ጋቢውን ገለጥ ብናደርገው ከጣታቸው እስከ አንጓቸው እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ሲነኩትም ይቀዘቅዛል። ከከረጢቱ ግን ጠብታው አሁንም ቀስ እያለ ይወርዳል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አልናቸው።

«ከጧት ጀምሮ ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ በኋላም ወጠረኝ። ደግሞስ ሲስተር ብቻዋን ስንቱን በሽተኛ ትዞራለች? ለዚህች ለዚህች ብዬ ላስቸግራት?»

ከመካከላችን አንዱ ሮጦ ነርሷን ጠራት። መጥታ የቱቦውን መዝጊያ ዘጋች፤ ሁለቱን እጆች ጐን ለጐን አስተያይታ ዳሰሰች፤ ካኑላውንም አውጥታ ያበጠውን እጅ በትራስ ላይ ከፍ አድርጋ አሳረፈችና «እማማ፤ ምነው ቢነግሩኝ ኖሮ!» አለቻቸው። በኋላ እንደ ሰማነው እብጠቱ በማግሥቱ ጐደለ፤ በሦስተኛው ቀንም ጠፋ። ከክፍሉ ስንወጣ ግን ነርሷ እንዲህ አለችን፦ «ነገሩ በእብጠት ብቻ የቀረው ዛሬ የፈሰሰው የጨው ውሃ ስለ ሆነ ነው። አንዳንድ መድኃኒት ግን አለ፤ እንደዚህ ቢፈስ ኖሮ እጃቸውን ሊያሳጣቸው ይችል ነበር።»

ይህ ቃል ከልባችን ስላልወጣ፤ ነገሩን ጠይቀንና አንብበን ከተረዳነው ጥቂቱን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል ተገቢ ሆኖ አገኘነው። ዛሬ ተማሪ የሆነው ነገ ሐኪም ወይም ነርስ ይሆናል፤ ዛሬ ወጣት ሹም የሆነውም ነገ የሐኪም ቤትን በጀት የሚያጸድቅ ይሆናል። ይህም ባይሆን፤ ሰው ሆኖ አንድ ቀን ራሱ የማይታመም ወይም የታመመ የማያስታምም የለም።

ከመንገዱ የወጣ ጠብታ

ሐኪም መድኃኒትን በአፍ ማዘዝ ሲችል ስለ ምን በደም ሥር ይሰጣል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ፍጥነት ነው፤ በደም ሥር የገባ መድኃኒት በጨጓራ በኩል ሳይዞር ወዲያው መላውን ሰውነት ያዳርሳል። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ሥጋን በቀጥታ ቢነካ የሚያቃጥል ስለ ሆነ፤ በሚሮጥ ደም ውስጥ ገብቶ ወዲያው መቅጠን አለበት። አንድ እፍኝ ጨው በዐባይ ወንዝ ውስጥ ቢጣል የወንዙን ጣዕም አይለውጠውም፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢጣል ግን ውሃው አይጠጣም። የደም ሥር ለመድኃኒቱ እንደ ወንዙ ነው፤ ከደም ሥር ውጭ ያለው ሥጋ ደግሞ እንደ ብርጭቆው ነው። መድኃኒቱ ያው መድኃኒት ነው፤ ጉዳት የሚያመጣው ከመንገዱ መውጣቱ ነው።

ሰው ይህን መንገድ ያወቀው በአንድ ቀን አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ እየዞረ እንደሚመላለስ በመጽሐፍ አትሞ የገለጠው፤ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1628 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1832 ዓ.ም. ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም በስኮትላንድ አገር፤ በሊዝ ከተማ፤ በኮሌራ ምክንያት የሰውነታቸው ውሃ ላለቀባቸው በሽተኞች ጨው ያለበት ውሃ በደም ሥራቸው ሰጠ፤ ለሞት ከተቃረቡትም መካከል ነፍስ የዘሩ ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካን አገር በማዮ ክሊኒክ፤ የብረቱ መርፌ ወጥቶ ለስላሳው የፕላስቲክ ቱቦ ብቻ በደም ሥር ውስጥ የሚቀርበት ዘዴ ተገለጠ። ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የምናየው ካኑላ የዚያ ዘዴ ልጅ ነው።

ካኑላው ለስላሳ ቢሆንም ከአደጋ ነጻ አይደለም። ሲገባ የደም ሥሩን የወዲያኛውን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል፤ በሽተኛው ሲገላበጥ ወይም እጁን ሲያጥፍ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል፤ ከፊቱ የረጋ ደም ቢዘጋበት ፈሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ በገባበት ቀዳዳ ሊያፈተልክ ይችላል። የሽማግሌዎች፣ የሕፃናትና በበሽታ የተጐሳቆሉ ሰዎች የደም ሥር ደግሞ ስስ ስለ ሆነ በቀላሉ ይቀደዳል።

ይህ አደጋ ድምፅ የለውም። 1 ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ቢታዘዝ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ ሲቈጠር በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይደርሳል። እንግዲህ ካኑላው ከደም ሥር ወጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይታወቅ ቢቀር፤ ከአንድ ስኒ ቡና የሚበልጥ ፈሳሽ በቆዳ ሥር ተጠራቀመ ማለት ነው። ጠብታው ግን መውረዱን ስለማያቋርጥ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሁሉ ነገር ደኅና ይመስለዋል። ፈሳሹን በልክ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቢኖርም እንኳ ጥርጣሬው አይቀርም፤ ፓምፑ ቱቦው ሲዘጋበት ይጮኻል እንጂ የሚገፋው ወደ ደም ሥር ይሁን ወደ ሥጋ ለይቶ አያውቅም። ይህን ለይቶ የሚያውቀው የነርስ ዐይንና ጣት፤ ከሁሉም በፊት የበሽተኛው ስሜት ነው።

መድኃኒት ሁሉ አንድ አይደለም

ነርሶች ይህን ጉዳት በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው እንደ ጨው ውሃ ያለው የማያቃጥል ፈሳሽ ሲያመልጥ የሚሆነው ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ አብጦ ይመለሳል። ይሁን እንጂ መጠኑ ከበዛ እብጠቱ ራሱ የውስጥ ሥጋንና ነርቭን አፍኖ፤ ደም እንዳይደርሳቸው ሊያደርግ ስለሚችል አይናቅም። ሁለተኛው ግን ሥጋን የሚያቆስልና የሚገድል መድኃኒት ሲያመልጥ የሚሆነው ነው። የዚህም መንገዱ ልዩ ልዩ ነው።

ለጡት ካንሰርና ለሌሎችም ካንሰሮች የሚሰጠውን ዶክሶሩቢሲን የተባለውን ቀይ መድኃኒት እንውሰድ። ይህ መድኃኒት ከሕዋሱ ዲኤንኤ ጋር ተጣብቆ ሕዋሱን ይገድላል። የሞተው ሕዋስ ሲፈርስም መድኃኒቱ እንደገና ወጥቶ ጐረቤቱን ይይዛል። ከዚህም የተነሣ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መቅላት ብቻ የታየበት ቦታ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠቁሮና ቈስሎ፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጅማት ዘልቆ ይገኛል። ከማዳጋስካር አበባ የተገኘው ቪንክሪስቲንም በዚሁ ረገድ የሚፈራ ነው።

የካንሰር መድኃኒት ብቻ ነው አደገኛ ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ተሳስቷል። የደም ግፊቱ ለወደቀ በሽተኛ የሚሰጠው ኖርአድሬናሊን ከደም ሥር ቢያመልጥ፤ በአካባቢው ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች አኰማትሮ ሥጋውን ደም ያሳጣዋል፤ ቆዳውም ይነጣል፤ ይቀዘቅዛል። 40 ወይም 50 ከመቶ የሆነው ወፍራም ግሉኮስ፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ከመወፈራቸው የተነሣ ውሃን ከሕዋስ ስበው ያወጣሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን ደግሞ ጠባዩ ከደም እጅግ የራቀ ነው፤ ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ ሲመዘን የደም 7.4 ሲሆን የርሱ 12 ያህል ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ በትልቅ የካንሰር ክፍል ብቻ ሳይሆኑ በተራ የድንገተኛ ክፍልም የሚሰጡ ናቸው።

ስለ ካንሰር መድኃኒት ካነሣን ዘንድ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማይረሳ አንድ የታሪክ ነገር አለ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር በወገኖቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ቆዳን የሚያቃጥልና የሚያቆስል መርዝ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሐኪሞች ይህ መርዝ የደምን ነጭ ሕዋሳት እንደሚያመናምን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ተመልክተው ስለ ነበር፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነውን ናይትሮጅን መስተርድ የተባለውን ቅመም መርምረው፤ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር በዬል ዩኒቨርሲቲ የንፍፊት ካንሰር ለያዘው በሽተኛ በደም ሥር ሰጡት። የዛሬው የኬሞቴራፒ ሕክምና የጀመረው እንዲህ ነው። መርዙ ወደ መድኃኒት ተለወጠ፤ ነገር ግን ጠባዩን ጨርሶ አልተወም። በደም ሥር ውስጥ ሲሄድ በሽታውን ይዋጋል፤ ከደም ሥር ከወጣ ግን እንደ ዘመዱ ያቃጥላል። እንግዲህ ይህን የመሰለ መድኃኒት የምትሰጥ ነርስ በእጇ የያዘችው ምን ያህል አደራ እንደ ሆነ አንባቢ ይገመት።

ክንዷን ያጣችው ሙዚቀኛ

ጉዳቱ የሚደርሰው መሣሪያ ባጣ አገር ብቻ አይደለም። እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር በቬርሞንት ክፍለ ሀገር አንዲት ሙዚቀኛ ብርቱ ራስ ምታት ይዟት ወደ ክሊኒክ ሄደች። ማቅለሽለሹን እንዲያስታግስላት ፕሮሜታዚን የተባለው መድኃኒት በክንዷ የደም ሥር በመርፌ ተገፍቶ ተሰጣት። መድኃኒቱ ግን በመርፌው ስሕተት ወይም ከደም ሥር በማምለጡ ከአርተሪዋ፤ ማለት ከልብ ወደ እጅ ደም ከሚያመጣው ሥር ደረሰ። እጇ ሞተ፤ በመጀመሪያ መዳፏ፤ ቀጥሎም ክንዷ ተቈረጠ። በእጇ ትተዳደር ለነበረች ሙዚቀኛ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ከክርክር በኋላ፤ በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስድስት ዳኞች ለሦስት ድምፅ ለተጐዳችው ፈረደላት። ክርክሩ የነበረው የመድኃኒቱ ሠሪ ኩባንያ በመርፌ በቀጥታ ከመግፋት ይልቅ በሚወርድ ፈሳሽ ውስጥ ቀላቅሎ መስጠት እንደሚሻል በመግለጫው ላይ በሚገባ አላስጠነቀቀም በማለት ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካን የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመድኃኒቱ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዘዘ።

እኛን ግን ይበልጥ ያስደነቀን ሌላ ነው። በዚያው በቀድሞው መግለጫ ላይ፤ በሽተኛው ሲወጋ ሕመም ተሰማኝ ካለ መርፌው ወዲያው እንዲቆም የሚል ቃል አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። ማለት «አመመኝ» የሚለው የበሽተኛ ቃል እንደ ሮሮ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ የሚቈጠር ነው። በወረቀት ላይ የተጻፈው ይህ ቃል በበሽተኛውም በነርሷም ልብ ካልተጻፈ ግን ጥቅም የለውም።

በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የጉዳቱ ምልክት ብዙ ጊዜ በቃል ይጀምራል፤ በሽተኛው ይቆጠቁጠኛል፤ ይለበልበኛል፤ ወጠረኝ ይላል። ቀጥሎ በዐይን ይታያል፤ ቦታው ያብጣል፤ ይቀላል ወይም ይነጣል፤ በካኑላው ዙሪያ እርጥበት ይታያል፤ ጠብታው ይዘገያል። ካኑላው ላይ ሲሪንጅ ተገጥሞ ሲሳብ ደም አለመመለሱም ያጠራጥራል፤ ደም መመለሱ ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የሚያቆስል መድኃኒት አምልጧል ተብሎ ሲጠረጠር ነርሷ ከሁሉ አስቀድማ ፈሳሹን ታቆማለች። ካኑላውን ግን ወዲያው መንቀል የለባትም፤ የአሮጊቷ ካኑላ ወዲያው የወጣው የፈሰሰው ጨው ውሃ ስለ ነበረ ነው። በዚህኛው ጊዜ ቱቦው ብቻ ተፈትቶ፤ በካኑላው በኩል በትንሽ ሲሪንጅ የቀረውን መድኃኒት የተቻለውን ያህል መሳብ ይገባል። ለማጠብ ብሎ ሌላ ውሃ መግፋት መድኃኒቱን ወደ ሥጋው ይበልጥ ማስገባት ስለ ሆነ ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ ካኑላው ይወጣል፤ ሐኪም ይጠራል፤ ያበጠው ቦታ ዳርቻው በእስክሪብቶ ይከበባል፤ ሰዓቱ፣ የመድኃኒቱ ስምና ያመለጠው መጠን ይመዘገባል፤ እጁም ከፍ ብሎ ይቀመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በረዶ ነው ወይስ ሙቀት? የሚል ነው። መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ለዶክሶሩቢሲንና ለመሰሎቹ ቀዝቃዛ ነገር ይደረጋል፤ ብርዱ የደም ሥሮቹን አጥብቦ መድኃኒቱ እንዳይስፋፋ ያግዳል። ለቪንክሪስቲንና ለኖርአድሬናሊን ግን ደረቅ ሙቀት ነው፤ የመጀመሪያው ተበትኖ እንዲሳሳ፤ የሁለተኛው ደግሞ የተኰማተሩት ሥሮች እንዲከፈቱ። ይህም በአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፤ በቀን አራት ጊዜ ያህል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይደጋገማል። ማርከሻም ያላቸው አሉ። ለኖርአድሬናሊን ፌንቶላሚን በ12 ሰዓት ውስጥ በቦታው ይወጋል። ለዶክሶሩቢሲን ደግሞ ዴክስራዞክሴን የተባለው መድኃኒት፤ ጉዳቱ ከደረሰ 6 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለሦስት ቀን በሌላው ክንድ የደም ሥር ይሰጣል። ውድ ስለ ሆነ ግን በሁሉም ሐኪም ቤት አይገኝም። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሰዓቱ አጭር መሆኑን ነው። በጧት የተቆጠቆጠው እጅ ለማታ ጠያቂ የሚቆይ አይደለም።

በዚህ ላይ ለአስታማሚ ዘመዶች አንድ ምክር አለን። እብጠት ሲያዩ በቅቤ ማሸት፣ ወጌሻ መጥራት፣ በሙቅ ጨርቅ መተኰስ የለመደ ልማዳችን ነው። ያመለጠ መድኃኒት ያለበትን ቦታ ማሸት ግን መርዙን በሥጋ ውስጥ ማዳረስ ነው። ጠብታው ዘገየ ብሎ መዝጊያውን ከፍቶ ማፍጠንም እንደዚሁ ነው። የአስታማሚ ሥራ ቶሎ መጥራት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

መከላከያው ከማከሙ ይልቅ ቀላል ነው። አስቀድሞ ቦታ መምረጥ ይገባል። የክንድ ሥጋማው ክፍል ከሁሉ ይሻላል፤ የእጅ ጀርባ፣ አንጓና የክርን እጥፋት ግን ጅማትና ነርቭ ከቆዳ ሥር ቅርብ የሆኑበት ስለ ሆነ ለሚያቆስል መድኃኒት አይመረጡም። ለጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደርጎ ንፍፊቶች የወጡበት ወገን ያለው ክንድም ይተዋል። አንድ ጊዜ ተወግቶ የከሸፈበት ቦታ ካለ ከርሱ ዝቅ ብሎ እንደገና መውጋት በላይኛው ቀዳዳ መድኃኒት ማፍሰስ ስለ ሆነ፤ ሌላውን ክንድ መሞከር ይበጃል። ለዚህ ዓይነት መድኃኒት አዲስ ካኑላ እንጂ 24 ሰዓት ያለፈው አይታመንም።

ሁለተኛው ቦታው እንዲታይ ማድረግ ነው። ካኑላው በሚያሳይ ፕላስተር ይታሰራል እንጂ በወፍራም ፋሻ አይጠቀለልም። ጋቢና ብርድ ልብስም ለቀረው ሰውነት ነው፤ ያ ክንድ ግን ይገለጥ። ሦስተኛው መፈተን ነው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ደም መመለሱ ይታያል፤ ጨው ውሃ ይገፋበትና ቦታው አለማበጡ ይረጋገጣል። በመርፌ የሚገፋ ከሆነ በየ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትሩ ቆም ብሎ እንደገና መመልከት ነው። ለረዥም ሰዓት የሚወርድ የሚያቆስል መድኃኒት ከሆነ ደግሞ በክንድ ሳይሆን፤ ወደ ልብ በሚቀርበው በትልቁ የደም ሥር በሚገባ ረዥም ቱቦ መስጠት የተሻለ ነው።

አራተኛው መዞር ነው። ነርስ በየጊዜው መጥታ ሦስት ነገር ታደርጋለች፤ ትዳስሳለች፤ ታያለች፤ ከሌላው እጅ ጋር ታስተያያለች። ይህ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ለሕፃናት፣ ራሳቸውን ለሳቱና መናገር ለማይችሉ በሽተኞች ግን ይህ ዙር ቢያንስ በየሰዓቱ መሆን አለበት፤ ሕፃን ለረኀቡም ለሕመሙም የሚያለቅሰው አንድ ዓይነት ልቅሶ ነውና።

ዝምታ የማይጠቅምበት ቦታ

ይህን ሁሉ ጽፈን ስናበቃ የምናስታውሰው ግን የአሮጊቷን ቃል ነው፤ «ለዚህች ለዚህች ብዬ ላስቸግራት?» ያሉትን። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ቃል የርሳቸው ብቻ አይደለም፤ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ሁሉ ቃል ነው። ሕመምን ችሎ መተኛት፤ ሰውን አለማስቸገር፤ ለአዋቂ አለመመለስ በልጅነታችን የተማርነው ጨዋነት ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይረዳ ይሆናል፤ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ግን ዝምታ ሥጋን ያነቅዛል። አባቶቻችን ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ተርተዋል። ለዚህ ነገር የሚስማማው ይኸኛው ነው።

ነገር ግን ዝምታውን በበሽተኛው ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ከመድኃኒቱ በፊት «ቢያቃጥልዎ፤ ቢቆጠቁጥዎ ወዲያው ይንገሩኝ፤ ይህን ማለት ማስቸገር አይደለም» ብላ የምትነግር ነርስ ይሉኝታውን ከሥሩ ትነቅለዋለች። ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት አገራችን ደግሞ ነርሷና በሽተኛው የማይግባቡበት ጊዜ ብዙ ነው። ከገጠር የመጣው በሽተኛ የሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ከሆነ፤ በዚያ ቋንቋ «ያቃጥላል?» የምትለዋን አንዲት ቃል መማር፤ ወይም እጅን አንሥቶ የመጥሪያ ምልክት መስማማት ምን ያህል ዋጋ ያስከፍላል?

ለወጣት ሹማምንቶቻችንም ድርሻ አላቸው። አንዲት ነርስ በሌሊት ብዙ አልጋ ብቻዋን እንድትዞር ከተደረገ በኋላ፤ አላየሽም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። የሚያሳይ ፕላስተር፣ የሌሊት መብራት፤ ጉዳቱ ሲደርስ የሚያስፈልገው ዕቃና የእርምጃው ዝርዝር ወረቀት በአንድ ሣጥን ሆኖ በየክፍሉ እንዲቀመጥ ማድረግ ከትልቅ ሕንፃ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን የደረሰውን ጉዳት በሐቅ የመዘገበች ነርስ ስለ መመዝገቧ እንዳትቀጣ ያስፈልጋል። መዝገብ የፈራች ነርስ እንደዚያች አሮጊት እጇን በጋቢ ትሸፍናለች፤ ያን ጊዜም ሐኪም ቤቱ ራሱ በሽታውን የደበቀ በሽተኛ ይሆናል።

በሌላ ቀን አሮጊቷን እንደገና ልንጠይቃቸው ሄድን። ካኑላው አሁን በግራ ክንዳቸው ላይ ነበረ፤ ጋቢው እስከ ትከሻቸው ተሰብስቧል። ነርሷ ስታልፍ ቆም ብላ ክንዳቸውን ዳሰስ አደረገችና «እማማ፤ ያቃጥልዎታል?» አለቻቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው «ዛሬስ አላቃጠለኝም ልጄ፤ ቢያቃጥለኝ ግን እንግዲህ ዝም አልልሽም» አሏት።

ጠያቂዋ ጊዜ አግኝታ ከጠየቀች፤ ተጠያቂዋም ሳይፈሩ ከመለሱ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው እንላለን።